«ዳግም ማሰብ»፦ በአንድ የትርጉም ልማድ ላይ የቀረበ ሂስ

ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ከእንግሊዝኛ በሚተረጐሙ የጥናት ጽሑፎች፣ የስብሰባ መሪ ቃላትና የመሥሪያ ቤት መግለጫዎች ውስጥ «ትምህርትን ዳግም ማሰብ»፣ «ከተማን እንደገና ማሰብ»፣ «ግብርናን ዳግም ማለም» የመሳሰሉት አነጋገሮች እየተዘወተሩ መጥተዋል። የአነጋገሮቹ ምንጭ ግልጽ ነው። እንግሊዝኛ ከላቲን በወረሰው «ሪ» በተሰኘው መነሻ ቅጥያ አማካይነት ማሰብንና በሐሳብ መሣልን ከሚያመለክቱት ግሶቹ ሌሎች ግሶችን ያረባል፤ ተርጓሚውም ለቅጥያው «ዳግም»ን፣ ለግሱ «ማሰብ»ን ይመድብና ሁለቱን ጐን ለጐን ያቆማቸዋል። ቃላቱ አማርኛ ናቸው፤ ሲገጣጠሙ የሚሰጡት ፍች ግን ተርጓሚው ሊል የፈለገው ሆኖ አይገኝም።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህ ልማድ የአማርኛን ሰዋስውና የቃላቱን ፍች የሚያፋልስበትን ቦታ ማሳየት፣ ቋንቋው ለዚሁ ጉዳይ ያሉትን ግሶች በየፈርጃቸው መዘርዘር፣ በመጨረሻም ለመዝገበ ቃላት አዘጋጆችና ለተርጓሚዎች የሚበጅ አሠራር መጠቆም ነው። ከባዕድ ቋንቋ መዋስ በራሱ ነቀፋ የለበትም፤ አማርኛ ከግዕዝ፣ ከዐረብኛ፣ ከአፋን ኦሮሞ፣ ከጣልያንኛና ከሌሎችም ሲወስድ የኖረ ቋንቋ ነው። የምንጠይቀው የተወሰደው ነገር የታሰበለትን ሥራ ይሠራል ወይ? ብለን ነው።

፩. የ«አሰበ» ተሳቢዎች

«አሰበ» ከግዕዙ «ሐሰበ» የመጣ ግስ ነው። «ሐሰበ» ቈጠረ፣ ደመረ ማለት ነው፤ የዘመን ቈጠራው ትምህርት «ባሕረ ሐሳብ» የተባለውም ስለዚህ ነው። «ሒሳብ»ም የዚሁ ሥር ዘመድ ነው። ይህ ጥንታዊ ፍች ዛሬም አልሞተም፤ ገዢ ነጋዴውን «የሁሉንም ዋጋ አስብልኝ» ይለዋል። በዚህ ፍች ከተያዘ «እንደገና አስበው» የሚለው ትእዛዝ እንከን የሌለው አማርኛ ነው፤ ስሌቱ ተሳስቷልና ከመጀመሪያው ደምረው ማለት ነው።

ግሱ ከስሌት ወጥቶ ወደ ልቡና ሥራ ሲሻገር ግን ፍቹን የሚወስነው የሚያስከትለው ተሳቢ ወይም ቅጥያ ነው። በ«ን» ምልክት የተመለከተ ቀጥተኛ ተሳቢ ሲይዝ ማስታወስን፣ መናፈቅን ወይም መቈርቈርን ያመለክታል። «እናቱን አሰበ» ያልን እንደ ሆነ እናቱ ትዝ አለችው ማለታችን ነው፤ «አስበኝ» የሚልም ሰው አትርሳኝ ይላል፤ «መታሰቢያ» የሚለው ስም የተገኘውም ከዚሁ ፍች ነው። «ስለ» የሚለውን መስተዋድድ ሲያስቀድም («ስለ ትምህርቱ አሰበ») የሐሳቡን ርእስ ያሳያል። ንዑስ አንቀጽ ሲያስከትል («ሊሄድ አሰበ») ማቀድን ይገልጻል። «በት» የሚለው ቅጥያ ሲጨመርበት ደግሞ («አሰበበት») አንድን ነገር በልቡና አሳድሮ መመርመርን ያሳያል።

እንግዲህ «ትምህርትን ዳግም ማሰብ» የሚለውን ርእስ በዚህ ሥርዓት ብናነበው የምናገኘው ትምህርትን ሁለተኛ ጊዜ ማስታወስ የሚል ፍች ነው። «ከተማን እንደገና ማሰብ»ም ለጠፋ ከተማ የተዘጋጀ መታሰቢያ ይመስላል። እንግሊዝኛው ግሱን ቀጥተኛ ተሳቢ ሲያስይዘው ነገሩን በሐሳብ አፍርሶ መሥራትን ያመለክታል፤ አማርኛው ግን ያንኑ አገባብ ለትዝታና ለናፍቆት አስቀድሞ መድቦታል። የመጀመሪያው ፋልስ ይህ ነው።

የ«አሰበበት»ም ነገር መታየት ይገባዋል፤ ብዙ ተርጓሚዎች ቅርቡ አቻ እርሱ ይመስላቸዋልና። «አሰበበት» ከድርጊት በፊት ያለውን ጊዜ የሚመለከት ግስ ነው። «ላስብበት» ያለ ሰው ገና አልወሰነም። «አስቦበት አደረገው» ስንልም ድርጊቱ ድንገተኛ አለመሆኑን፣ ሆን ተብሎ መፈጸሙን እንመሰክራለን። በመሥሪያ ቤት ደጃፍ «እናስብበታለን» የተባለ ባለጉዳይ ብዙውን ጊዜ በትሕትና እንደ ተሸኘ ይገባዋል፤ ቢሆንም ቃሉ ራሱ ውሳኔ ገና አለመሰጠቱን ይናገራል። የእንግሊዝኛው ግስ ግን አንድ ሐሳብ ወይም ውሳኔ አስቀድሞ መኖሩን መነሻ ያደርጋል። ስለዚህ «አሰበበት» ያለ አጋዥ ቃል ሊተካው አይችልም፤ «መልሶ አሰበበት» ሲባል ግን ይቀርበዋል።

፪. «ዳግም»፣ «መልሶ»፣ «እንደገና»

ሁለተኛው ፋልስ የሚገኘው በ«ዳግም» ላይ ነው። የቃሉ ግስ «ደገመ» ያንኑ ነገር ሁለተኛ ጊዜ አደረገ ማለት ነው። ዳዊት የሚደግም ሰው መዝሙሩን አይለውጠውም፤ እንዲያውም አንዲት ፊደል ብትጐድል ወይም ብትጨመር እንደ ስሕተት ይቈጠርበታል። ክፍል የደገመ ተማሪም የሚማረው ያንኑ ትምህርት ነው። «ዳግማዊ ምኒልክ» ስንል ቃሉ የሚነግረን የስሙን ተራ ቍጥር እንጂ የመጀመሪያው ምኒልክ ተሻሽሎ መምጣቱን አይደለም። «ዳግም» እንግዲህ ቈጣሪ ቃል ነው፤ የነገሩን መልክ ስለ መለወጥ አንዳች ነገር አይናገርም። ስለዚህ «ዳግም ማሰብ» በቃሉ ጠባይ ከተፈታ አስቀድሞ የታሰበውን ያንኑ ሐሳብ ሁለተኛ ጊዜ ማሰብ ነው፤ ይህም ተርጓሚው ሊል ከፈለገው ጋራ የሚጻረር ነው። «ዳግም ማለም»ማ ያንኑ ሕልም በሁለተኛው ሌሊት ከማየት አያልፍም።

ይህ ችግር በትርጉም ታሪክ ውስጥ አዲስ አይደለም። በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 3 ስለ መወለድ በሚነገረው ቃል ላይ ግሪክኛው «አኖቴን» የሚለውን ተውሳከ ግስ ይጠቀማል፤ ቃሉ «ከላይ» የሚል ፍች አለው፤ «እንደገና» የሚልም ፍች አለው። ኒቆዲሞስ የያዘው ቍጥሩን ነው፤ ስለዚህ ሰው ወደ እናቱ ማሕፀን ስለ መመለስ ይጠይቃል። የሚሰጠው መልስ የሚያስረዳው ግን ስለ ሌላ ዐይነት ልደት ነው። የአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ በዚህ ስፍራ «ዳግመኛ»ን መርጧል፤ ለኒቆዲሞስ ጥያቄ የሚስማማው ይኸው ፍች ነውና ምርጫው ምክንያት አለው። ሁለቱን ፍቾች በአንድ ቃል መያዝ ግን ከአማርኛው ዐቅም በላይ ሆኗል። መደገምና በሌላ ዐይነት መሆን ለአማርኛ ሁለት ነገሮች ናቸው።

«መልሶ» የሚለው ቦዝ አንቀጽ ከ«ዳግም» የተለየ ሥራ አለው፤ ወደ ነበረበት ቦታ ወይም ሁኔታ መውሰድን ያሳያል። ከቀያቸው የተፈናቀሉ ሰዎችን ስለ ማስፈር ሲነገር «መልሶ ማቋቋም» መባሉ ትክክል ነው፤ ተቋቁመው የነበሩ ናቸውና። «መልሶ አየው» ስንልም ዐይን ወይም ልቡና ትቶት ወደ ሄደው ነገር ዞረ ማለታችን ነው።

«እንደገና» በሁለቱ መካከል ይቆማል። «ቤቱን እንደገና ሠራው» የሚለውን ዓረፍተ ነገር እንውሰድ። በአንድ ንባብ ሠሪው ራሱ አስቀድሞ ሠርቶት ነበር፤ አሁን ድርጊቱን ደገመ። በሌላው ንባብ ቤቱን የሠራው ሌላ ሰው ነበር፤ ፈረሰ፤ አሁን ወደ መቆሙ ተመለሰ። የመጀመሪያው የድርጊት መደገም ነው፤ ሁለተኛው የሁኔታ መመለስ ነው። ከሁለቱ በአንዱም ቤቱ የግድ በሌላ ቅርጽ ተሠርቷል አይባልም። ይህን ለማለት አማርኛ ተጨማሪ ቃል ይጠይቃል፦ «በአዲስ መልክ»፣ «ሌላ አድርጎ»፣ «ከሥሩ ጀምሮ»። የላቲኑ ቅጥያ መመለስንና መደገምን አቻችሎ የሚይዝ ሲሆን፣ በዛሬው እንግሊዝኛ መታደስን ጭምር ጠቅልሎ ይዟል። አማርኛ ለየአንዳንዱ የተለየ ቃል ስላለው ተርጓሚው መምረጥ ግዴታው ነው።

፫. ቋንቋው ያሉት ግሶች

አማርኛ ለዚህ ጉዳይ ያሉት ግሶች በአራት ፈርጅ ሊመደቡ ይችላሉ።

የመጀመሪያው ፈርጅ አንድን ነገር በልቡና ማዟዟርን የሚገልጹት ናቸው፤ «አሰላሰለ»፣ «አገላበጠ»፣ «አመዛዘነ»፣ «አገናዘበ»፣ «አወጣ አወረደ» ከነዚህ ይቈጠራሉ። እዚህ ላይ የቅርጹ ነገር ልብ ሊባል ይገባል። «ሰበረ» «ሰባበረ» እንደሚሆን፣ «መለሰ» «መላለሰ» እንደሚሆን፣ «ገለበጠ»ም «አገላበጠ»፣ «መዘነ»ም «አመዛዘነ» ይሆናል። እንግሊዝኛ ከግሱ በፊት ቅጥያ ለጥፎ የሚያመለክተውን ድግግሞሽ አማርኛ በግሱ ሆድ ውስጥ ፊደል ደግሞ ያሳየዋል። «ነገሩን አገላብጦ አየው» ያለ ሰው ከአንድ ጊዜ በላይ ማየቱን ነግሮናል፤ «ዳግም» ቢጨምርበት ትርፍ ይሆናል።

ሁለተኛው ፈርጅ የተወሰነን ወይም የተጻፈን ነገር ተመልሶ መመርመርን የሚገልጽ ነው፤ «መልሶ አጤነ»፣ «እንደገና መረመረ»፣ «ፈተሸ»፣ «ከለሰ»። የዚህ ፈርጅ ጠባይ ውጤቱን ክፍት መተዉ ነው፤ የተመረመረው ሊጸናም ሊለወጥም ይችላል። «ከለሰ» ግን በተሳቢው ይወሰናል፤ ተማሪ ትምህርቱን ሲከልስ ትምህርቱ አይለወጥም፤ አዘጋጅ ረቂቁን ሲከልስ ግን ረቂቁ እንዲሻሻል ይጠበቃል።

ሦስተኛው ፈርጅ ቀድሞ የያዙትን መተውን የሚናገር ነው፤ «ሐሳቡን ለወጠ»፣ «ከሐሳቡ ተመለሰ»፣ «ሻረ»፣ «ተጸጸተ»። በዚህ ረገድ የጥንት ተርጓሚዎች አሠራር ዛሬም ትምህርት ይሰጣል። ግሪክኛው «ሜታኖያ» በአሠራሩ ሲፈታ የልቡና መለወጥ ማለት ነው። ወደ ግዕዝ የመለሱት ሊቃውንት ቃሉን ሁለት ቦታ ከፍለው ለየክፍሉ አቻ አልሰጡትም፤ መጸጸትን ከሚያመለክተው «ነስሐ» «ንስሐ»ን ወሰዱ። ቃሉም በልሳነ ግዕዝ ጸንቶ ለአማርኛ ተርፏል።

አራተኛው ፈርጅ አንድን ነገር በሐሳብ ሌላ አድርጎ መሣልን የሚገልጽ ነው፤ «በዓይነ ሕሊና በአዲስ መልክ ሣለ»፣ «በሌላ ዐይን አየ»፣ «በምናቡ ሌላ አድርጎ ፈጠረ»። ለዚህ የሥነ ጽሑፋችን ታሪክ ጥሩ ምሳሌ አለው። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ ካረፉ ከመቶ ዓመት ገደማ በኋላ ብርሃኑ ዘሪሁን «የቴዎድሮስ ዕንባ»ን በ1958 ዓ.ም.፣ አቤ ጉበኛ «አንድ ለናቱ»ን በ1961 ዓ.ም. አሳተሙ። ደራስያኑ የሠሩት ሥራ እንግሊዝኛው «ሪኢማጂን» በሚለው ግስ የሚጠራው ነው። ይህን «ቴዎድሮስን ዳግም አሰቡ» ብንል ንጉሡን ለሁለተኛ ጊዜ አስታወሱ እንደ ማለት ይሆንብናል፤ «ቴዎድሮስን በአዲስ መልክ ሣሉ» ብንል ግን የሥራቸውን ዐይነት እንናገራለን።

፬. የሚደርሰው ጉዳት

ነገሩ የአጻጻፍ ውበት ጉዳይ ብቻ ቢሆን ኖሮ ለሰፊ ሂስ ባላበቃ ነበር። ከላይ የዘረዘርናቸው ፈርጆች ግን በአንባቢው ኑሮ ላይ የተለያየ ውጤት የሚያስከትሉ ናቸው። ለምሳሌ ያህል፣ አንድ መሥሪያ ቤት ስለ ቤት አሰጣጥ «መመሪያውን ዳግም እናስባለን» የሚል የተተረጐመ መግለጫ ቢያወጣ፣ ማመልከቻው ውድቅ የሆነበት ሰው ምን ይረዳ? መመሪያው ይመረመራል ማለት ከሆነ ሊጸናም ስለሚችል ውጤቱን መጠበቅ አለበት። መመሪያው ተትቷል ማለት ከሆነ የተሰጠው መልስ መሠረቱን አጥቷልና አቤት ማለት ይገባዋል። ሌላ መመሪያ በአዲስ መልክ ይነደፋል ማለት ከሆነ ደግሞ አዲስ ማመልከቻ ማሰናዳት አለበት። መግለጫውን ያወጣው ክፍልም በኋላ ቢጠየቅ ከሦስቱ የሚመቸውን መርጦ «ያልነው ይህን ነበር» ማለት ይችላል። ቃሉ ተናጋሪውን ከተጠያቂነት ያስመልጠዋል፤ ሰሚውን ግን ባለበት ያስቀረዋል።

የሕግ ቋንቋችን ይህን አደጋ ዐውቆ ሲጠነቀቅ ኖሯል። በ1958 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ በአንቀጽ 6 የደነገገው ሥርዓት በፍርድ ቤቶቻችን «ዳግም ዳኝነት» ይባላል። ሐሰተኛ ሰነድን፣ የሐሰት ምስክርነትን ወይም ጉቦን የመሰለ፣ ተገቢው ትጋት ተደርጎም አስቀድሞ ያልታወቀ ብርቱ ነገር ከፍርድ በኋላ ሲገኝ፣ አቤቱታው ፍርዱን ለሰጠው ለዚያው ፍርድ ቤት ይቀርባል። ጉዳዩ ወደ በላይ ፍርድ ቤት ሲሄድ ስሙ «ይግባኝ» ነው፤ መሠረታዊ የሕግ ስሕተት ይታረም ተብሎ ሲቀርብ ደግሞ «ሰበር» ነው። በዚህ ስፍራ «ዳግም» በትክክል ገብቷል፤ ያው ፍርድ ቤት ያንኑ ጉዳይ ሁለተኛ ጊዜ ያያልና። ቃሉ በጠባዩ ቈጥሯል፤ ከስም ጋራም ተቀናጅቷል፤ ወሰኑንም ሕጉ ዐጥሮለታል። ሦስቱን ሥርዓቶች «ፍርድን ዳግም ማሰብ» በሚል አንድ ስም ቢጠሩ ኖሮ ባለጉዳዩ የየትኛውን ፍርድ ቤት ደጅ ይጠና ነበር?

ከአስተዳደር ቋንቋም አንድ ምሳሌ እንጨምር። እ.ኤ.አ. በ1993 ማይክል ሐመርና ጄምስ ቻምፒ ባሳተሙት መጽሐፍ ውስጥ የሥራ አደረጃጀትን ስለ መለወጥ የሰጡት ፍች ሁለት ድርጊቶችን በተራ ያስቀምጣል፤ አስቀድሞ ሥራው ለምን እንደሚሠራ ከመሠረቱ መልሶ መጠየቅ፣ ቀጥሎም አሠራሩን ከሥሩ በአዲስ መልክ መንደፍ። ይህ ሐሳብ በ1990ዎቹ ዓ.ም. ወደ ሀገራችን ሲቪል ሰርቪስ ሲገባ «መሠረታዊ የሥራ ሂደት ለውጥ» የሚል ስም ተሰጠው። ተርጓሚዎቹ የእንግሊዝኛውን ቅጥያ ተከትለው «ዳግም»ን አለመደርደራቸው የሚመሰገን ነው፤ ስሙም ለአንባቢ የሚገባ አማርኛ ነው። ይሁን እንጂ «ለውጥ» የመጨረሻውን ውጤት ብቻ ስለሚጠራ፣ በመነሻው ፍች ፊተኛ የነበረው ጥያቄ ከስሙ ወጥቷል። ለውጥ ተብሎ የተሰየመ ሥራ ደግሞ የሚለካው በለወጠው ነው፤ ነባሩ አሠራር ተመርምሮ ደኅና ሆኖ ቢገኝ ይጽና የሚል መደምደሚያ በስሙ ውስጥ ቦታ የለውም። ስለዚህ ቅጥያን ቃል በቃል መከተል ወደ አንድ ስሕተት እንደሚያመራ ሁሉ፣ ሁለተኛውንና አራተኛውን ፈርጅ ሳይለዩ ውጤቱን ብቻ መሰየምም ወደ ሌላ ጉድለት ያመራል።

፭. የሚቀርበው መቃወሚያና የምንጠቁመው አሠራር

በዚህ ሁሉ ላይ ሁለት መቃወሚያዎች ሊቀርቡ ይችላሉ። አንደኛው ከሥነ ስያሜ ትምህርት የሚመነጭ ነው፤ ከኦስትሪያዊው ከኦይገን ቩስተር ጀምሮ ትምህርቱ ለአንድ ፅንሰ ሐሳብ አንድ ስያሜ ይሁን ሲል ኖሯልና፣ ለእንግሊዝኛው ግስ አራት አቻ ማቅረብ ወጥነትን ያጠፋል የሚል ነው። መርሑ ትክክል ነው፤ ነገር ግን የሚሠራው ወሰኑ በታወቀ የሙያ ፅንሰ ሐሳብ ላይ ነው። «ዳግም ዳኝነት» እንዲህ ያለ ስያሜ ነው። «ሪቲንክ» ግን የጠቅላላው ቋንቋ ግስ ነው፤ በውስጡም ከአንድ የሚበልጡ ፅንሰ ሐሳቦች አሉ። መርሑን በጥንቃቄ ብንከተል ለየፅንሰ ሐሳቡ የየራሱን ስም መስጠት ግድ ይሆናል።

ሁለተኛው መቃወሚያ አዲስ አነጋገር ሲለመድ አዲስ ፍች ይይዛል የሚል ነው። ይህም እውነትነት አለው። «ርእዮተ ዓለም» የሚለው ስያሜ ተለምዶ ጸንቷል። የጸናበት ምክንያት ግን የግዕዝን የዘርፍ አያያዝ ጠብቆ የተሠራና ሌላ ቃል ያልያዘውን ቦታ የሞላ መሆኑ ነው። «ዳግም ማሰብ» ከሁለቱ አንዱንም አያሟላም፤ የግሱን አገባብ ያፈርሳል፤ የያዘውም ቦታ «መልሶ አጤነ»፣ «ሐሳቡን ለወጠ»፣ «በአዲስ መልክ ሣለ» የሚሉት ይዘውት የነበረውን ነው። እየተለመደ ከሄደ የሚጠበቀው ትርፍ አንድ ግልጽ ያልሆነ ቃል ሲሆን፣ ኪሳራው ሦስት ግልጽ አነጋገሮች ናቸው።

ስለዚህ የእንግሊዝኛ-አማርኛ መዝገበ ቃላት አዘጋጆች እነዚህን ግሶች በአንድ አቻ እንዳይፈቱ፣ በየፈርጁ ለይተው በዓረፍተ ነገር ምሳሌ እንዲያስደግፉ እናሳስባለን። ቮልፍ ሌስላው እ.ኤ.አ. በ1973 ያሳተሙት መዝገበ ቃላት የተመሠረተው በዚሁ ቃልን በዐውዱ የመፍታት ዘዴ ላይ ነውና መንገዱ አስቀድሞ የተጠረገ ነው። የአማርኛ-አማርኛ መዝገበ ቃላት አዘጋጆች በበኩላቸው «አሰበ» በሚለው ቃል ሥር «ን»ን፣ «ስለ»ን፣ «በት»ንና ንዑስ አንቀጽን የሚያስከትልባቸውን አገባቦች ለየብቻ ቢያስቀምጡ የፍቹ መለያየት ለተጠቃሚው ግልጽ ይሆንለታል።

ተርጓሚው ደግሞ ብዕሩን ከማንሣቱ በፊት ሦስት ጥያቄዎችን በዋናው ጽሑፍ ላይ ያቅርብ። አስቀድሞ የተሰጠ ውሳኔ ወይም የተያዘ ሐሳብ አለ ወይ? ከሌለ «አሰበበት»፣ «አሰላሰለ» ይበሉ። ካለ፣ ውሳኔው ገና በምርመራ ላይ ነው ወይስ ተትቷል? በምርመራ ላይ ከሆነ «መልሶ አጤነ»፣ «እንደገና መረመረ»፤ ከተተወ «ሐሳቡን ለወጠ»፣ «ሻረ» ይስማማል። ነገሩ በሌላ ቅርጽ ተሥሎ ቀርቧል ወይ? ከቀረበ «በአዲስ መልክ» የሚለውን አጋዥ ይዞ «ሣለ»፣ «ነደፈ» ወይም «ፈጠረ» ይግባ። ዋናው ጽሑፍ ራሱ ከሦስቱ ለአንዱም መልስ የማይሰጥ ሆኖ ከተገኘ፣ ተርጓሚው ደራሲውን ወይም አሠሪውን ይጠይቅ፤ ሁለቱንም ለማግኘት ካልቻለ ውጤቱን ክፍት የሚተወውን «መልሶ ማጤን»ን ይምረጥ። ይህ ቃል ያልተሰጠ ተስፋ አይሰጥም፤ ያልተፈጸመ ለውጥም ተፈጽሟል አይልም።